«ከሰሊጡ በኋላ»
ቤተሰብ በመከር ወራት አንድነቱን ስለሚጠብቅበት መንገድ የቀረበ ትምህርት



መስከረም ሲጠባ የደጋው ሰው ዐደይ አበባን ያያል፤ የመተማና የምዕራብ ጎንደር ቆላ ገበሬ ግን ዓይኑ በሰሊጡ ቅጠል ላይ ነው። ቅጠሉ ቢጫ መምሰል ሲጀምርና ከታች ያለው ፍሬ ለመከፈት ሲቃረብ፣ ለገበሬው የቀረው ጊዜ በወር ሳይሆን በቀን ይቆጠራል። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅም። ፍሬውን የያዘው ሽፋን ደርቆ ከተሰነጠቀ፣ ክረምቱን ሙሉ የተደከመበት ምርት በጥቂት ነፋስ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ከገንዳ ውሃ እስከ ኮኪት፣ ከኮኪትም እስከ መተማ ዮሐንስ ባለው አገር አንድ አባባል በየቤቱ ይደጋገማል፤ እርሱም «ከሰሊጡ በኋላ» የሚል ነው።

የልጁ የትምህርት ቤት ምዝገባ ከሰሊጡ በኋላ ይሁን ይባላል። በባልና በሚስት መካከል ያደረው ቅሬታ ከሰሊጡ በኋላ እንነጋገርበታለን ይባላል። ደጋ ያሉት አያት መታመማቸው ቢሰማም ጥየቃው ከሰሊጡ በኋላ ይደርሳል ይባላል። የቤተሰቡ ጸሎት እንኳ ለዚያው ቀን ይቀጠራል። ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ስለዚህ አባባል እንድናስብ ነው። ዓላማው የገበሬውን ጥድፊያ ለመንቀፍ አይደለም፤ ሰሊጡ በእውነት አይጠብቅምና። ጥያቄው ግን ይህ ነው፦ ልጆቻችንስ፣ ትዳራችንስ ይጠብቃሉን?

፩. የወቅቱ ክብደት

አንድ ቤተሰብ በአእምሯችን እንሣል። ይህ ቤተሰብ በስም የሚጠራ አይደለም፤ የብዙ ቤቶችን ኑሮ እንዲያሳይ ለምሳሌ የቀረበ ነው። ባልና ሚስት ከአራት ልጆቻቸው ጋር በኮኪት ይኖራሉ። አባት ከከተማው ርቆ የሚያርሰው መሬት አለው። ሐምሌና ነሐሴ በአረም አልፈዋል፤ አሁን ደግሞ አጨዳ ደርሷል። አባት ከቀጠራቸው ሠራተኞች ጋር በእርሻው ካምፕ ያድራል። ሰሊጡ ይታጨዳል፤ በነዶ ይታሰራል፤ እንዲደርቅ በቁመቱ ተደግፎ በሂላ ይከመራል፤ ሲደርቅም በሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። ሂላውን ጥሎ መሄድ አይቻልም፤ ዝናብም፣ እሳትም፣ ሌባም ያሰጋልና።

እናት ደግሞ በመንገዱ ዳር ሻይና ምግብ ትሸጣለች። ከጎንደር ደጋ፣ ከጎጃምና ከወሎ የሚመጡት የቀን ሠራተኞች ከተማውን የሚሞሉት በዚህ ወቅት ስለሆነ የዓመቱ ገቢዋ በእነዚህ ሳምንታት ላይ የተመሠረተ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ትነሣለች፤ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ትተኛለች። የዐሥራ አንድ ዓመቷ ልጅ ታናናሾቿን ትጠብቃለች። የዐሥራ ሦስት ዓመቱ ወንድሟ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ለአባቱ ስንቅ ለማድረስ ወደ ካምፕ ሄዶ ነበር፤ «ለጥቂት ቀን ያግዝ» ተብሎ እዚያው ቀረ። ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ ስሙ ግን በመዝገቡ አልሰፈረም።

በዚህ ቤት ውስጥ ክፉ ሰው የለም። አባት የሚደክመው ለልጆቹ ነው፤ እናትም እንዲሁ። ሆኖም ስድስት ሳምንታት ሲያልፉ ባል የሚስቱን ድካም አላየም፤ ሚስትም የባሏን ጭንቀት አልሰማችም፤ ትንሹ ልጅ አባቱን ሲያይ መሸሽ ጀምሯል፤ ትልቁ ልጅ ደግሞ ከሠራተኞቹ ጋር እየዋለ ከአባቱ ያልተማረውን ንግግር ተምሯል። ስልክ ሲደወል የሚጠየቀው «ስንት ኩንታል ወጣ?»፣ «ስንት ብር ተላከ?» የሚል ብቻ ሆኗል። መከሩ ገብቷል፤ ቤቱ ግን ተበትኗል።

ይህ ችግር የሰሊጥ አገር ብቻ አይደለም። ሞፈር ዘመት ወርዶ ቆላ የሚያርስ የደጋ ገበሬ፣ በቡና ወራት ከቤቱ የሚርቅ የጅማና የሲዳማ ሰው፣ በበዓል ዋዜማ ሌት ተቀን የሚሸጥ የአዲስ አበባ ነጋዴ፣ በባዕድ አገር ሁለት ሥራ ይዞ ልጆቹን ተኝተው ብቻ የሚያይ ስደተኛ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የየራሱ ሰሊጥ አለው።

፪. ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ መከር ወራት

ብዙዎቻችን በሰባተኛው ቀን ስለ ማረፍ የተሰጠውን ትእዛዝ እናውቃለን። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 34 ቁጥር 21 ላይ ያለውን ተጨማሪ ቃል ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። እግዚአብሔር በዚያ ስፍራ ሕዝቡ በሰባተኛው ቀን እንዲያርፍ ካዘዘ በኋላ፣ ይህ ዕረፍት በእርሻና በመከር ጊዜም ቢሆን እንዲጠበቅ ይናገራል። ስለ ምን ይህን ለይቶ መናገር አስፈለገ? ሰው «ዛሬስ አይቻልም» የሚለው በዚያ ጊዜ ስለሆነ ነው። ሥራ በሌለበት ወራት ማረፍ ማንንም አያስቸግርም። እግዚአብሔር የጠየቀው ዕረፍት ሰው ሊሰጠው በሚከብደው ጊዜ የሚሰጥ ነው።

መዝሙር 127 ደግሞ ሁለት ነገሮችን አያይዞ ያስተምራል። በመጀመሪያው ክፍል ቤትን እግዚአብሔር ካልሠራው የሠሪዎች ድካም ከንቱ እንደሆነ፣ ማልዶ መነሣትና አምሽቶ መቀመጥም ብቻውን እንደማይጠቅም ይናገራል። በሁለተኛው ክፍል ደግሞ ልጆች የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን ያስታውሳል። መዝሙሩ ከድካም ወደ ልጆች የተሻገረው ያለ ምክንያት አይደለም። አምሽቶ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ «ለልጆቼ ነው» ይላል፤ መዝሙሩም ልጆቹ ራሳቸው ከሀብቱ አስቀድሞ የተሰጡት ሀብት መሆናቸውን ያሳየዋል።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ከቁጥር 30 ጀምሮ ሐዋርያት ከተልእኳቸው ተመልሰው በጌታ ዘንድ ተሰበሰቡ። የሚመጣውና የሚሄደው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ እንጀራ ለመብላት እንኳ ፋታ አላገኙም ነበር። ይሠሩት የነበረው ሥራ ቅዱስ ነበር፤ ሕዝቡም በእርግጥ ይፈልጋቸው ነበር። ጌታ ግን ወደ ምድረ በዳ ለብቻቸው ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ጠራቸው። ሥራው እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ ሥራው አያልቅምና። በኮኪት መንገድ ዳር እስከ ሌሊት ቆማ የምትሠራ እናት ይህን ወንጌል ስታነብ ጌታ ድካሟን እንደሚያውቅ ትረዳለች።

በመጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 2 ደግሞ የመከር ቀንን በሙሉ እናያለን። ቦዔዝ ወደ እርሻው ሲመጣ በመጀመሪያ ያደረገው አጫጆቹን በእግዚአብሔር ስም ሰላም ማለት ነበር፤ እነርሱም በረከትን መለሱለት። በምሳ ሰዓት ባዕዲቱን ሩትን ወደ ማዕዱ ጠራት፤ ከአጫጆቹም ጋር ተቀምጣ በላች፤ ጠገበች፤ ተረፋትም። ከተረፋትም ለአማቷ ለኑኃሚን ወሰደችላት። በአንድ እርሻ ላይ የተጀመረ ደግነት እስከ ሌላ ቤት ማዕድ ደረሰ። በሰሊጡ እርሻ የምናደርገው መልካምም ሆነ ክፉ እንዲሁ ወደ ቤቶች ይገባል።

፫. የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ሰነድ ቁጥር 11 ላይ ቤተሰብን «የቤት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን» በሚል ስም አክብሮታል፤ ወላጆችም በቃልና በምሳሌ ለልጆቻቸው የመጀመሪያዎቹ የእምነት ሰባክያን እንደሆኑ አስተምሯል። ይህ ትምህርት ለሀገራችን ሰፊና ራቅ ያሉ አካባቢዎች ልዩ ክብደት አለው። የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ነው፤ ሀገሩ ሰፊ ነው፤ ካቶሊካውያን ቤተሰቦችም ተራርቀው ይኖራሉ። ካህን በየእሑዱ በማይደርስበት ስፍራ ልጅ የመስቀል ምልክት ማማተብን የሚማረው ከእናቱ እጅ ነው። እናትና አባት ለስድስት ሳምንታት አብረው ካልጸለዩ፣ ለዚያ ልጅ ቤተ ክርስቲያኑ ለስድስት ሳምንታት ተዘግቷል ማለት ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1981 ስለ ክርስቲያን ቤተሰብ ባወጡት ሐዋርያዊ ምክር ከቤተሰብ ተግባራት መጀመሪያ ያደረጉት የሰዎችን አንድነት መመሥረትን ነው፤ ለሕይወት ማገልገል፣ ማኅበረሰብን ማልማትና በቤተ ክርስቲያን ተልእኮ መሳተፍ ከዚያ ይከተላሉ። ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2016 «የፍቅር ሐሴት» በተሰኘው ሐዋርያዊ ምክራቸው ባልና ሚስት እርስ በርስ ለመደማመጥ ጊዜ መስጠት እንዳለባቸው አሳስበዋል፤ በቤት ውስጥ ሦስት ቃላት እንዳይጠፉም መክረዋል፤ እነርሱም በእኛ አነጋገር «እባክህ»፣ «አመሰግናለሁ»ና «ይቅርታ» ናቸው። በጥድፊያ ወራት ቀድመው የሚጠፉት እነዚህ ሦስቱ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን።

ስለ ሰንበት ዕረፍት እውነተኛ ጥያቄ አለ። «ሰሊጡ እሑድ ቀን ቢደርስ፣ ዝናብም ቢያሰጋ፣ ቁጭ ብዬ ልየው?» የሚል ገበሬ መልስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2185 ላይ የቤተሰብ ችግር ወይም ትልቅ ማኅበራዊ ጥቅም ያለው አገልግሎት ከሰንበት ዕረፍት ግዴታ ሊያሳርፍ እንደሚችል ያስተምራል። ነገር ግን ምእመናን ይህ ሰበብ ለእምነት፣ ለቤተሰብ ሕይወትና ለጤና ጎጂ ወደ ሆነ ልማድ እንዳይለወጥ እንዲጠነቀቁ ወዲያው ይጨምራል። እንግዲህ ሊረግፍ የቀረበውን ነዶ ለማዳን እሑድ የሠራ ሰው ኅሊናው አይክሰሰው። ሰባቱንም እሑዶች የሠራ፣ ስምንተኛውንም ለመሥራት ያሰበ ሰው ግን ሰሊጡን እያዳነ ሌላ ነገር እየረገፈበት እንደሆነ ይመርምር።

፬. ምን እናድርግ?

የቤተሰብ ቅርበት በጥድፊያ ወራት የሚጠበቀው ብዙ ሰዓት በመፈለግ አይደለም፤ ሰዓቱ የለምና። የሚጠበቀው ትንሽ ሆኖ የማይፈርስ ቀጠሮ በመያዝ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስድስት ነገሮች ገንዘብ የማይጠይቁ ናቸው።

ሀ) በጳጉሜን መመካከር። ከአረም በኋላ ከአጨዳ በፊት ጥቂት ፋታ ትገኛለች። እግዚአብሔር ለኢትዮጵያውያን አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላትን ትንሽ ወር ሰጥቶናል። ከእነዚህ ቀናት አንዱን ምሽት ባልና ሚስት ለምክክር ይለዩት። ማን ወደ ካምፕ ይሄዳል? በስንት ቀን አንድ ጊዜ ቤቱን ያያል? ልጆቹን ማን ያስመዘግባል? ምርቱ ሲሸጥ መጀመሪያ የሚከፈለው ዕዳ የትኛው ነው? ለልጆችም እንደ ዕድሜያቸው ይነገራቸው። አባቱ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ ልጅ ይናፍቃል እንጂ አይጨነቅም።

ለ) በቀን አንድ ማዕድ። ማታ የማይቻል ከሆነ ጠዋት ይሁን። ሻይ ቤት ያላት እናት ሥራ ከመብዛቱ በፊት ከልጆቿ ጋር በአንድ ገበታ ለሩብ ሰዓት ትቀመጥ። ምግቡ ያደረ እንጀራ ሊሆን ይችላል። እናት በእጇ የምታጎርሰው ልጅ ያን ቀን እንዳልተረሳ ያውቃል። በእሑድ ደግሞ አንድ ጊዜ ቡናው እስከ በረካ ይጠጣ፤ ስልኩም ይቀመጥ።

ሐ) የአንድ ሰዓት ጸሎት በሁለት ቦታ። አባት በካምፕ፣ እናትና ልጆች በቤት፣ በአንድ በተወሰነ ሰዓት አንድ ጸሎት ያድርሱ። ለምሳሌ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሁን። እናት በዚያ ሰዓት በሥራ ላይ ብትሆንም ልጆቿን ወደ ጓዳ ጠርታ አቡነ ዘበሰማያትና ጸሎተ ማርያም ለማድረስ ጊዜ አታጣም። አባትም በካምፑ እሳት ዳር እንዲሁ ያደርጋል። የስልክ መስመር በሌለበት እርሻ ይህ ጸሎት ቤተሰቡን የሚያገናኝ ገመድ ነው። ትንሹ ልጅ «አባባም አሁን እየጸለየ ነው» ማለትን ከተማረ አባቱን በልቡ ይዞታል።

መ) ከኩንታል በፊት ስም። ስልክ በሚገኝበት ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሰው ይሁን። አባት ልጆቹን በየተራ በስማቸው ጠርቶ «ዛሬ ምን ተማርህ?»፣ «ማን ጋር ተጫወትሽ?» ይበል። ስለ ሰሊጡ ዋጋ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ይድረስ። መስመር ከሌለ ስንቅና ውሃ በሚያደርስ መኪና አጭር መልእክት በወረቀት ይላክ። ማንበብ የሚችል ልጅ የአባቱን ቃል ለእናቱ ያንብብላት።

ሠ) የልጅ ቦታ። ልጅ ወላጆቹን ማገዙ መልካም ነው፤ በሀገራችንም ጨዋ ልጅ የሚያድገው እየታዘዘ ነው። ሆኖም ማገዝና ትምህርትን አጥቶ መቅረት የተለያዩ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል። ሕግ ለባዕድ ልጅ ያሰበውን ወላጅ ለገዛ ልጁ ሊያስብ ይገባዋል። የምዝገባውን ቀን ከአጨዳው ቀን ጋር በአንድ ላይ አስባችሁ አስቀድሙ። ታናናሾቿን የምትጠብቀውንም ልጅ አትርሷት፤ እርሷም ገና ልጅ ናት፤ በሳምንት አንድ ቀን ሸክሟን የሚያቀልላት ሰው ይፈለግላት።

ረ) ገንዘቡን በአንድ ላይ መቁጠር። ሰሊጥ ሲሸጥ በአንድ ቀን ብዙ ብር እጅ ይገባል። ብዙ ትዳር የሚፈተነው በመከሩ ድካም ሳይሆን ከመከሩ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። አባት ከገበያ በቀጥታ ወደ ቤቱ ይሂድ። ሚስት ዋጋውን ከጎረቤት ሳይሆን ከባሏ ትስማ። ዕዳው፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ የልጆቹ ደብተርና ልብስ፣ ለድኻና ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው፣ ለሚመጣው ዓመት ዘር የሚቀመጠው ሁሉ በሁለቱ ፊት ይለይ። እናትም ከሻይ ቤቷ ያገኘችውን እንዲሁ ታሳይ። ስድስት ሳምንት ተለያይተው የሠሩ ሰዎች የሥራቸውን ፍሬ አብረው ካላዩ አብረው እንደሠሩ አይሰማቸውም።

፭. ሠራተኛ ለሚቀጥሩ ምእመናን

ከእናንተ መካከል ሠራተኞችን የምትቀጥሩ አላችሁ። እያንዳንዱ አጫጅ የተወው ቤት አለው። ደጋ ያለች እናት፣ በእርግዝና ላይ ያለች ሚስት፣ አባቱን የሚጠብቅ ሕፃን አለው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 የድኻ ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈል ያዝዛል፤ የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ቁጥር 4ም በተከለከለ ደመወዝ ምክንያት የአጫጆች ጩኸት ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ያስጠነቅቃል። ደመወዙ የዘገየበት ሠራተኛ መንገዱን ያዘገያል፤ ስለዚህ የዘገየ ደመወዝ አንድን አባት ከልጆቹ የሚያቆይ ነገር ነው። ወደ ቤቱ የሚደውልበት ጊዜ ስጡት፤ በተቻለ መጠንም የሰንበት ዕረፍቱን ጠብቁለት።

ለጤናውም አስቡ። በዚህ ቆላ ወባ ብቻ ሳይሆን ካላዛርም አለ። ካላዛር የሚተላለፈው በሌሊት በምትናከስ ትንሽ የአሸዋ ዝንብ አማካይነት ነው፤ በግራር ሥር በሜዳ የሚያድሩ ሠራተኞች ይበልጥ ይጋለጣሉ። በሽታው ሳይታከም ከቀረ ይገድላል። ምልክቱም ሰውየው ወደ ደጋ ከተመለሰ ከወራት በኋላ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ለሠራተኞቻችሁ አጎበር ይኑር። ቆላ ሠርቶ የተመለሰ ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት ቢይዘው፣ ቢከሳና ሆዱ ቢያብጥ ቤተሰቡ ወደ ጤና ተቋም ይውሰደው፤ ቆላ መቆየቱንም ለሐኪሙ ይንገር። የቤተሰብ ቅርበት አንዱ ፍሬ ይህ ነው፤ ሰውየው የት እንደነበረና ምን እንደገጠመው የሚያውቅ ሰው በቤቱ መኖሩ።

፮. ዘመነ ጽጌ እና ቅድስት ቤተሰብ

በግእዝ ሥርዓታችን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት አርባ ቀናት ዘመነ ጽጌ ይባላሉ። በእነዚህ ቀናት ቤተ ክርስቲያን እመቤታችን ልጇን ይዛ ከቅዱስ ዮሴፍ ጋር ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን ጊዜ ታስባለች። የሰሊጡ አጨዳ የሚበረታው በእነዚሁ ቀናት ነው። ለቆላው ምእመን ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ቅድስት ቤተሰብ ቤት አልነበራትም፤ መሬት አልነበራትም፤ ነገ የት እንደምታድርም አታውቅም ነበር። የነበራት ሀብት አብሮ መሆን ብቻ ነበር። ቅዱስ ዮሴፍ በሌሊት ተነሥቶ ሲወጣ የወሰደው ሕፃኑንና እናቱን እንደሆነ ወንጌላዊው ማቴዎስ ይነግረናል፤ ስለ ዕቃ ምንም አልጻፈም።

መተማ ይህን ታሪክ በዓይኗ አይታዋለች። በሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተነሣ በኋላ ብዙ ቤተሰቦች በዚህ ድንበር አቋርጠው ወደ ሀገራችን ገብተዋል። ልጆቻቸውን ብቻ ይዘው የተሻገሩ ወላጆችን ያየ ሰው፣ ሁሉ ነገር ሲታጣ ምን እንደሚቀር ያውቃል። እኛ ሰላም በሆነበት ቀን በገዛ ፈቃዳችን የምንተወውን እነርሱ በጨለማ መንገድ እጅ ለእጅ ተያይዘው ጠብቀውታል።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ስለ ቅዱስ ዮሴፍ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ሰው ልጅ ስለ ወለደ ብቻ አባት እንደማይሆን፣ የልጁን ሕይወት በኃላፊነት ሲንከባከብ ግን አባት እንደሚሆን አስተምረዋል። ቅዱስ ዮሴፍ በእጁ ሥራ የሚኖር ሰው ነበር፤ ሥራ የበዛበት ቀንም አልጠፋውም። ሆኖም ጌታችን የእንጨት ሥራን ከእርሱ ጎን ሆኖ እንደተማረ ቤተ ክርስቲያን ታምናለች። ሥራውም ልጁን ከእርሱ የሚለይበት ሳይሆን ከእርሱ ጋር የሚያቀራርብበት ነበር።

፯. ወደ ምሳሌያችን እንመለስ

መጀመሪያ ወዳሰብነው የኮኪት ቤት እንመለስ። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል አባት ሰሊጡን ሸጦ ገባ። ምርቱ ጥሩ ነው። ልጁን ጠርቶ «በል፣ ነገ ትምህርት ቤት ሄደህ ተመዝገብ» አለው። ልጁ መሬት መሬት እያየ «ምዝገባው እኮ ካለፈ ቆየ» አለ። አባት ተቆጣ፤ «ለምን አልነገርከኝም?» አለ። ልጁም «ነግሬ ነበር፤ ከሰሊጡ በኋላ ተባልኩ» ብሎ መለሰ። አባት ለዚህ መልስ የሚሆን ቃል አላገኘም።

በዚህ ጊዜ አባት ምን ማድረግ ይችላል? የረገፈ ሰሊጥ ከመሬት አይለቀምም። ልጅ ግን ሰሊጥ አይደለም፤ ይቅርታን ይሰማል። አባት በልጁ ፊት «አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ» ካለ፣ በማግስቱም እጁን ይዞ ወደ ርእሰ መምህሩ ከሄደና ከለመነ፣ ምዝገባው ቢሳካም ባይሳካም ልጁ አንድ ነገር ይማራል፤ ይኸውም ከሰሊጥ የሚበልጥ መሆኑን ነው። ዓመቱ ቢያልፍበት እንኳ አባቱ አላለፈውም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምታነቡና «እኔስ ዘግይቻለሁ» የምትሉ ወላጆች ተስፋ አትቁረጡ። የዘገየ ሰው የሚጀምረው ከይቅርታ ነው፤ የሚጀምርበትም ቀን ዛሬ ነው።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረቡ የመወያያ ጥያቄዎች

ይህን ትምህርት በጳጉሜን ወይም በመስከረም መጀመሪያ፣ ቤተሰቦች ገና ሳይለያዩ ማስተማር ይጠቅማል። ባልና ሚስት አብረው እንዲመጡ አድርጉ። ከትምህርቱ በኋላ በሚከተሉት ጥያቄዎች ተወያዩ።

1. በቤታችን «ከሰሊጡ በኋላ» ወይም «ከሥራው በኋላ» ተብሎ የቆየ ነገር ምንድን ነው? ከዚያ ውስጥ ሊቆይ የማይገባው የትኛው ነው?
2. በጥድፊያ ወራት ቤተሰባችን በየዕለቱ ሊገናኝበት የሚችል አንድ ሰዓት የትኛው ነው? ያን ሰዓት የሚያፈርሰውስ ምንድን ነው?
3. ባለፈው መከር የልጆቻችን ትምህርት እንዴት ነበር? በዚህ ዓመት ማን ይከታተለዋል?
4. በእኛ ዘንድ የሚሠራ ሰው ወደ ቤተሰቡ በሰላምና በጊዜው እንዲመለስ ምን ልናደርግ እንችላለን?
5. በጎረቤታችን ባሏ ወደ ካምፕ የሄደ፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት አለችን? በምን ልናግዛት እንችላለን?

እያንዳንዱ ቤተሰብ ከስድስቱ ምክሮች አንዱን ብቻ መርጦ ይዞ ይሂድ። መከሩ ካለቀ በኋላም በምስጋና ቀን ተሰብስበው ምን እንደተሳካና ምን እንዳልተሳካ ይነጋገሩ።

በመከር ወራት አጫጆችን የሚባርክ፣ ደክመው የተመለሱትን ደቀ መዛሙርት ወደ ዕረፍት የጠራ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በእርሻ ያሉትን አባቶች፣ በመንገድ ዳር የሚደክሙትን እናቶች፣ በቤት የሚጠብቁትን ሕፃናት ይጠብቅልን። በእመቤታችን በቅድስት ድንግል ማርያምና በቅዱስ ዮሴፍ አማላጅነት መከሩን ወደ ጎተራ፣ ቤተሰቡንም ወደ አንድ ማዕድ ይሰብስብልን። አሜን።